ሸራ ከመግዛትህ በፊት ምሰሶው የቆመበትን አንኳኳ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው፦

«ጋሼ፣ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። አምና በ1974 የተሠራች ካታሊና 22 የሸራ ጀልባ በ1,800 ዶላር ገዛሁ። ኪሏ፣ ማለትም ከሆዷ ሥር ውሃ ውስጥ የሚወርደው የብረት ክንፍ፣ በሽቦ ገመድ ወደ ላይ የሚሳበው ዓይነት ናት። ዘንድሮ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ፖቶማክ ወንዝ ላይ አራት የማታ ውድድር ገባን። አራቱንም መጨረሻ ወጣን። ሌሎቹ ነፋሱን ተጠግተው ሽቅብ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ሲወጡ እኛ ወደ ጎን እንንሸራተታለን። ሸራ የሚሸጥ ሰው ‹ሁለቱንም ሸራ ቀይር› አለኝ። ዋጋው ግን ያለኝን 3,000 ዶላር ጥርግ አድርጎ ይወስደዋል። ልግዛ?»

አትግዛ። ለጊዜው አትግዛ። ሸራህ እውነትም አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ግን አዲስ ሸራ በላላ ምሰሶ ላይ መስቀል ስተርዞው በላላ መኪና ላይ አዲስ ጎማ መግጠም ነው። መኪናው አይስተካከልም፣ ጎማውም ይበላል።

እኔ አናፖሊስ ውስጥ የጀልባ ምሰሶና ሽቦ ስሠራ 20 ዓመት አልፎኛል፤ ካታሊና 22 ደግሞ በእጄ ያለፉት ብዙ ናቸው። የካታሊና ፋብሪካ መሥራች ፍራንክ በትለር ካሊፎርኒያ ውስጥ ያወጣት ጀልባ ናት፣ ከ15,000 በላይ ተሠርታለች። ይሄ ለአንተ ትልቅ ነገር ነው። መለዋወጫዋ እንደ ልብ ይገኛል፣ በሽታዋም የታወቀ ነው። የ1974 ጀልባ ሲመጣልኝ ሳላያት በፊት የት የት እንደሚያማት እገምታለሁ።

ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መጨረሻ ወጣን ስትል በየትኛው ሰዓት ነው? ዓይናችሁ ያየው ነው ወይስ ከተሰላ በኋላ የወጣው? እንዲህ ያለ የማታ ውድድር ላይ የተለያዩ ጀልባዎች አብረው ስለሚሮጡ አብዛኛው ቦታ ፒኤችአርኤፍ በሚባለው ስሌት ነው የሚዳኘው። ለያንዳንዱ ጀልባ በአንድ የባሕር ማይል ስንት ሴኮንድ እንደሚታሰብለት ቁጥር ይሰጠዋል። ካታሊና 22 ብዙ ቦታ 270 አካባቢ ነው የሚሰጣት፣ ጄ 24 የምትባለው ፈጣን ጀልባ ደግሞ 170 አካባቢ። ልዩነቱ በማይል 100 ሴኮንድ መሆኑ ነው። 4 ማይል ከሮጣችሁ ያቺ ጄ 24 ከ6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ በላይ ቀድማችሁ ካልገባች እናንተ ናችሁ ያሸነፋችኋት። ስለዚህ ውጤቱን የሚጽፈውን ሰው የተስተካከለውን ሰዓት ጠይቀው። በዚያው ደግሞ ስፒናከር (ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ከፊት የሚነፋውን ትልቅ ሸራ) ሳትጠቀሙ፣ በዋናው ሸራና በፊት ሸራ ብቻ በምትወዳደሩበት ምድብ መመዝገባችሁን አረጋግጥ። ስፒናከር ሳይኖራችሁ ስፒናከር ካላቸው ጋር ተመዝግባችሁ ከሆነ የራሳችሁን ደቂቃ ለሰው እየሰጣችሁ ነው።

አሁን ወደ ጎን መንሸራተቱ። ይሄኛው በስሌት አይፈታም።

የፊት ሸራህ የተሰቀለው ከምሰሶው ጫፍ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ በሚወርደው ሽቦ ላይ ነው። ያ ሽቦ ቀጥ ብሎ መወጠር አለበት። ከላላ ነፋስ በመጣ ቁጥር ወደ ጎን ይጎብጣል፣ ሸራው ሆዱ ይነፋል፣ ሆዱ የተነፋ ሸራ ደግሞ ወደ ነፋሱ ሊጠጋ አይችልም። ጠጋ ልበል ስትል ይርገበገባል፤ እንዳይርገበገብ አፍንጫዋን ከነፋሱ ስትመልስ ደግሞ ከሰው ኋላ ትቀራለህ። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ሸራ ብትሰቅልም ያው ነው። ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ሸራው ስንት ዓመቱ ነው አይደለም፤ ያ ሽቦ ለምን ላላ ነው።

ካታሊና 22 ላይ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ምሰሶው የቆመው ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ሳይሆን የካቢኑ ጣሪያ ላይ ነው። ጣሪያው ከላይና ከታች ፋይበርግላስ፣ መሃሉ ደግሞ ኮምፔንሳቶ ነው። ምሰሶው የታሰረባቸው ብሎኖች ያንን ሁሉ በስተው ያልፋሉ። በ50 ዓመት ውስጥ በብሎኑ ቀዳዳ ውሃ ይገባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ጣሪያው ከምሰሶው ሥር በሚሊሜትር በሚሊሜትር ይሰምጣል። ምሰሶው ዝቅ ሲል ሽቦዎቹ ሁሉ ይላላሉ። ባለቤቱ ያጠብቃል። ማጥበቁ ራሱ ምሰሶውን ወደ ታች ስለሚጫነው ጣሪያው የበለጠ ይሰምጣል። ደግሞ ያጠብቃል።

እንዴት ታውቃለህ? ሦስት ነገር አድርግ፣ አንዱም ሳንቲም አያስወጣህም። አንደኛ፣ ሽቦዎቹ ጀልባዋ ላይ የሚታሰሩበትን ማጥበቂያ፣ ተርንባክሉን እየው። ጥርሱ ተጠርጎ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ ማለትም ሌላ የሚጠብቅበት ቦታ ካልቀረው፣ ባለቤቶቹ ለዓመታት የሰመጠ ጣሪያ ሲያሳድዱ ኖረዋል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ቀጥ ያለ ረጅም ማስመሪያ ወይም ጣውላ ምሰሶው ሥር ጣሪያው ላይ በአግድም አስቀምጥና ብርሃን በሥሩ ያልፍ እንደሆነ ተመልከት። ሦስተኛ፣ በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ጣሪያውን አንኳኳ። እናቶቻችን ገበያ ላይ ጀበና ሲገዙ በጣታቸው መታ መታ አድርገው ድምፁን ሰምተው ነው የተሰነጠቀውን የሚለዩት። ይሄም እንደዚያው ነው። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፤ የበሰበሰው ድፍን ነው፣ እርጥብ መጽሐፍ የመታህ ይመስላል። ከምሰሶው ጀምረህ ወደ ዳር እየሄድክ አንኳኳና ድምፁ የተለወጠበትን በእርሳስ አክብበው። ካቢን ውስጥም ግባ። ከምሰሶው ሥር ጣሪያውን የሚደግፍ ቋሚ አለ፤ እግሩ ውሃ በሚተኛበት ቦታ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው ከታች ነው። በቢላ ጫፍ ወጋ አድርገው።

ይሄን ያህል የምነዘንዝህ በራሴ ስለደረሰብኝ ነው። የመጀመሪያ ጀልባዬን ስገዛ እኔም እንዳንተ ሽቅብ አልወጣ ብላ አስቸግራኝ ነበር። አንድ ባለ ሱቅ አዲስ የፊት ሸራ ሸጠልኝ፣ ያኔ ለእኔ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነበር። በዚያ ሸራ አንድ ሙሉ ወቅት ሮጥኩ፣ ቦታዬ ንቅንቅ አላለም። መኸር ላይ ምሰሶውን ሳወርድ ብሎኖቹ ሳልፈታቸው በእጄ ተነቅለው መጡ፣ ሥራቸው ያለው እንጨት ጥቁር ጭቃ ሆኖ ነበር። ጣሪያውን ጠግኜ በሚቀጥለው ዓመት የድሮውን አሮጌ ሸራ ስሰቅል ጀልባዋ ሌላ ጀልባ ሆነች። እስካሁን ያንን ገንዘብ ሳስበው ይቆጨኛል፣ አንተ እንድትደግመው አልፈልግም።

ጥገናው ከባድ ቢመስልም ከባድ አይደለም፣ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ይበቃዋል። ምሰሶው ሥሩ ላይ ማጠፊያ ስላለው ለሦስት ሆናችሁ ታወርዱታላችሁ፤ ከላያችሁ የኤሌክትሪክ መስመር አለመኖሩን ግን መጀመሪያ ቀና ብላችሁ እዩ፣ በዚህ ሰው ሞቷል። ከዚያ በእርሳስ ያከበብከውን የላይኛውን ፋይበር ቆርጠህ አንሳው፣ አትጣለው። የበሰበሰውን ኮምፔንሳቶ ደረቅ እንጨት እስክታገኝ ድረስ ፍቀህ አውጣ። ለጥቂት ቀናት ሸፍነህ በደንብ ይድረቅ፣ በዚህ ላይ አትቸኩል። ካቢን ውስጥ የመኪና ክሪክና ወፍራም ጣውላ አድርገህ የሰመጠውን ጣሪያ ቀስ አድርገህ ወደ ቦታው አንሳው። ቋሚውም ከበሰበሰ ያኔ ትቀይረዋለህ። የባሕር ኮምፔንሳቶ ቆርጠህ በኢፖክሲ ለጥፍ፣ ያነሳኸውን ፋይበር መልሰህ ክደንበት፣ ዳሩን በፋይበር ጨርቅ አያይዘው። የብሎኖቹን ቀዳዳ መጀመሪያ በትራፓኖ ሰፋ አድርገህ ቦርቡረህ በኢፖክሲ ሙላው፣ ሲጠነክር መሃሉን በትክክለኛው መጠን ብሳው። እንዲህ ከሆነ ብሎኑ ቢያፈስ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። የእኔ ግምት ዕቃው ከ200 ዶላር አይበልጥም።

ምሰሶው መሬት ላይ እያለ ሽቦዎቹን ሁሉ ቀይር። መቼ እንደተቀየሩ የሚነግርህ ሰው ከሌለ አሮጌ ናቸው ብለህ ውሰድ። ብዙ የሙያ ጓደኞቼ ከ10 እስከ 15 ዓመት ነው የሚሰጡት፣ እኔም እስማማለሁ። ሽቦው ላይ ጨርቅ ይዘህ ሂድ፤ ጨርቁን የሚይዝ ነገር ካለ የተበጠሰ ክር ነው። ጫፉ ላይ ሽቦው ወደ ብረቱ የሚገባበት ቦታ ዝገት ወይም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካየህ በዚያ ጀልባ አንድ ቀንም አትውጣ። ለዚች ጀልባ ርዝመቱ ተለክቶ የተዘጋጀ ሙሉ ጥቅል ስለሚሸጥ መለካትም አያስፈልግህም። ጥቂት መቶ ዶላር ያስወጣሃል፣ ከዚያ ግን በሰላም ታጠብቀዋለህ።

ምሰሶው ተመልሶ ሲቆም መጀመሪያ ወደ ጎን አለማዘንበሉን አረጋግጥ። የብረት ሜትር በዋናው ሸራ መስቀያ ገመድ አስረህ ወደ ላይ ሳብና ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሽቦዎቹ እስከታሰሩበት ድረስ ለካ፤ ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ ረጃጅሞቹን የጎን ሽቦዎች አጥብቅ፣ አጫጭሮቹን ምሰሶው መሃሉ ላይ ቀጥ እስኪል ብቻ። የቀረው ውሃ ላይ ነው የሚሠራው። 10 ወይም 12 ኖት (በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነፋስ ባለበት ቀን ሽቅብ እየሄዳችሁ ከነፋሱ በተቃራኒ ያለውን የጎን ሽቦ ያዝ፤ ልል ማለት ከጀመረ ትክክል ነው፣ ከተንጠለጠለና ከተወዛወዘ ገና ነው። ዓይንህን ምሰሶው ላይ ለጥፈህ ሽቅብ እይ። ጫፉ ወደ ጎን ከተጣመመ ረጃጅሞቹን ጨምር። ከአንድ ዙር በላይ አትጨምር፣ ዙረህ እንደገና ሞክር። በተርንባክሎቹ ላይ መሸጎሪያ ፒናቸውን ማድረግ አትርሳ፤ ውሃ ላይ ሲሆኑ በራሳቸው ይፈታሉ።

ካታሊና 22 የፊቱ ሽቦ እስከ ምሰሶው ጫፍ የሚደርስ ዓይነት ስለሆነች የኋላውን ሽቦ በሳብከው ቁጥር የፊቱ ይወጠራል። ስለዚህ ኋላ ላይ ፑሊና ገመድ አድርገህ ከመቀመጫህ ሳትነሳ የምታጠብቀው ነገር ሥራ። እኔ ለዚች ጀልባ ከሚሸጡት ማሻሻያዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይሄንን ነው የምመርጠው። ነፋስ ሲበረታ ትስበዋለህ፣ ሲቀንስ ትለቀዋለህ፣ በቃ። ጣሪያውን ሳትጠግን ግን አታስገባው፤ ጉዳቱን ያፋጥነዋል።

ኪሉ። ወደ 250 ኪሎ የሚመዝን ብረት በአንድ ፒን ተንጠልጥሎ በአንድ ሽቦ ገመድ ነው የተያዘው። ያ ገመድ ቢበጠስ ብረቱ ወርዶ የጀልባዋን ሆድ ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ ውድድር ባይኖርም መቀየር ያለበት ነው። ጀልባዋ ቆማ በማዕበል ስትወዛወዝ ከሥር ኳ ኳ የሚል ድምፅ ከሰማህ ፒኑና የተንጠለጠለበት ቦታ ተበልቷል፣ ኪሉ ወደ ጎን ይጫወታል። የሚጫወት ኪል ደግሞ ውሃውን አይዘውም፤ ወደ ጎን የመንሸራተታችሁ ሌላው ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። ፒኑን ከነማያያዣው ቀይረህ በሁለቱም ጎን ክፍተቱን የሚሞላ ሮንዴላ አድርግበት። ፍጥነት ስትጨምር ከሥር እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ካለ እሱ ገመዱ ራሱ ነው፣ አያስፈራም። ኪሉ ሲወርድ የዛገውን ፍቀህ፣ በኢፖክሲ ስቱኮ አለስልሰህ ፊቱን ድቡልቡል፣ ኋላውን ቀጠን አድርገው። መስታወት እስኪመስል አልልም፣ እጅህን ስታሳልፍበት የሚይዝህ ነገር አይኑር። መሪዋንም እንዲሁ። የድሮዋ ካታሊና መሪ ወደ ኋላ ያጋደለ ስለሆነ ነፋስ ሲበረታ ክንድ ይገነጥላል፣ ቀጥ ያለው አዲሱ ዓይነት በጣም ይሻላል። ገንዘብ ካልበቃህ ግን ለጊዜው ማጠፊያዎቹ ላይ ያለውን ጨዋታ አጥፋ፣ እጀታው ላይም ማርዘሚያ ዘንግ ጨምርበት፣ ዳር ላይ ተቀምጠህ መንዳት እንድትችል።

ሆዷን ስትቀባ አንድ ጥቅም አለህ። ፖቶማክ አሌክሳንድሪያ ላይ ባሕሩ ወጣ ገባ ቢያደርገውም ውሃው ጨዋማ አይደለም፣ እዚህ አናፖሊስ እኛን የሚያሰቃየን ቅርፊት የሚያበቅል ተውሳክ እዚያ የለም። ያለው አተላ ነው። ስለዚህ እየተሸረሸረ የሚያልቀውን ቀለም ትተህ ጠንካራውን ዓይነት ቀባ፣ ሲደርቅ 400 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውሃ እያራስክ አለስልሰው፣ ከውድድሩ ቀን በፊት ለስላሳ ጨርቅ ይዘህ ውሃ ውስጥ ገብተህ ጥረግ። የሁለት ሳምንት አተላ የያዘች ጀልባ ቀላል ነፋስ ላይ ምን ያህል እንደምትዘገይ ያላየ ሰው አያምንም።

አሁን ወደ ሸራው እንምጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በኔ ግምት ከ3,000ው አንድ ሺህ አካባቢ ይተርፍሃል። መጀመሪያ የፊት ሸራውን መስቀያ ገመድ ዳይኒማ በሚባለው የማይለጠጥ ገመድ ቀይር። የድሮው ገመድ ስለሚለጠጥ ነው ሸራው ፊቱ ላይ የሚጨማደደው። ከዚያ ከሁለቱ ሸራዎች አንዱን ብቻ ቀይር፣ የፊቱን፣ ማለትም ትልቁን ጄኖዋ። በዚች ጀልባ ላይ ሞተሩ እሱ ነው፣ በተለይ እንደ እናንተ ወንዝ በበጋ ነፋሱ ቀላል በሆነበት ቦታ። አዲስ መሆን የለበትም። ካታሊና 22 የራሷ የውድድር ማኅበር ስላላት ከባድ ተወዳዳሪዎች ሸራቸውን ቶሎ ቶሎ ይቀይራሉ፣ ለእነሱ ያረጀው ለአንተ አዲስ ነው። ከመክፈልህ በፊት ግን የሸራው መጠን በተመዘገብክበት ቁጥር ውስጥ መሆኑን ጠይቅ፣ ከመጠን ያለፈ ሸራ ሴኮንድ ያስቀንስሃል። ሸራው ላይ በሁለቱም በኩል ከፊቱ ጠርዝ አንድ ስንዝር ገባ ብለህ የሱፍ ክር ለጥፍ፣ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። ሽቅብ ስትሄድ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው የላይኛው ክር ቀድሞ ከተርገበገበ የሸራው መጎተቻ ገመድ የሚያልፍበትን ፑሊ ወደ ፊት ግፋው፣ የታችኛው ከቀደመ ወደ ኋላ። የጎን ሽቦዎቹ ላይ ደግሞ የአሮጌ ካሴት ክር እሰር። ነፋስ የለም በምትልበት ሰዓት እንኳ ይንቀሳቀሳል፣ ከማንኛውም ባለ ባትሪ መሣሪያ በላይ አምነዋለሁ።

ስለ ክብደት አንድ ነገር ልበል። ጀልባዋ አንድ ቶን ገደማ ናት። አራት ሰው 300 ኪሎ ነው። የጀልባዋን ሲሶ የሚጠጋ ክብደት ላይዋ ላይ እየተራመደ ነው ማለት ነው፣ የት እንደምትቀመጡ ከማንኛውም ዕቃ በላይ ይለካል። ነፋሱ ሲሞት ሁለታችሁ ወደ ፊት ሂዱ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒው ጎን ተቀመጡ፣ ጀልባዋ ትንሽ ዘንበል ትበል፣ ሸራው በራሱ ክብደት ቅርፁን ይይዛል። ማንም አይነሳ፣ ማንም አይራመድ። ነፋስ ሲመጣ ሁላችሁም ወደ ላይኛው ጎን፣ ተጠጋግታችሁ። የውሃ ጀሪካኑን፣ ምድጃውን፣ ያለፈው ባለቤት የተወውን ኮተት አውርዱ፤ በሮቿንና አልጋዎቿን ግን አትንኩ፣ ቁጥሯ የተሰጣት ከነሱ ጋር ነው። ሞተሩንም ከውሃ አውጡት። የሚያስቅ ይመስላል፣ ግን ፕሮፔለሩን እየጎተተ የሚወዳደር ሰው በየዓመቱ አያለሁ።

ወንዙ ራሱ ደግሞ ይረዳሃል፣ ካወቅክበት። ውሃው በቀን ሁለቴ ወደ ላይ፣ ሁለቴ ወደ ታች ይሄዳል፣ ከፍታውም አንድ ሜትር ያህል ይለያያል። ነፋሱ ቀላል ሆኖ ውሃው ሲቃወማችሁ መሃል ቦዩ ላይ አትዋሉ፣ እዚያ ነው የሚበረታው፤ ዳር ዳሩን ሂዱ። ኪሉን ትንሽ ከፍ አድርጎ ጥልቀት የሌለው ቦታ መግባት ለአንተ ይቻልሃል፣ ለጄ 24 አይቻላትም። ይሄ በውድድር መሃል ይፈቀድ እንደሆን ግን ደንባችሁን ጠይቅ፣ በየቦታው ይለያያል። በበጋው መጨረሻ ሃይድሪላ የሚባለው አረም ወንዙን ሲሞላ ጀልባዋ በድንገት ከከበደችብህ ኪሉና መሪው ላይ ተጠምጥሟል ማለት ነው፣ ኪሉን ከፍ ዝቅ አድርገህ አራግፈው። ሕጉ በሰው ልክ አንድ የሕይወት ጃኬት፣ ከሱም ሌላ የሚወረወር መንሳፈፊያ ይጠይቃል። ኤፕሪል ላይ ግን መያዝ አይበቃም፣ ልበሱት። አየሩ ሞቆ ውሃው ገና በረዶ ነው፣ መዋኘት የሚችል ሰውም ክንዱ ይተሳሰራል።

አሁን የማታውቀው አንድ ነገር አለ፣ እሱን እስክታውቅ ድረስ ምንም አትግዛ። ቅዳሜ ጠዋት ሂድና የጣሪያውን ድምፅ ስማ፣ በየተርንባክሉ ላይ ስንት ጥርስ እንደቀረ ቁጠር። ቁጥሩንና ያከበብከውን ፎቶ ላክልኝ፣ ምን ያህል መቁረጥ እንዳለብህ እነግርሃለሁ።